የኒውክሌስ ገጽታ፣ የቅንጣቶች ብተና እና የሜዞኖች ብርቅ አፈራረስ

የአቶም እምብርት፣ ማለትም ኒውክሌስ፣ ምን ይመስላል? ቅንጣቶች ሲጋጩ ወዴት ይበተናሉ? ሜዞን የሚባሉት ዕድሜ አጭር ቅንጣቶችስ እጅግ አልፎ አልፎ በሚሄዱበት መንገድ ሲፈርሱ ምን ይነግሩናል? ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቡድን፣ አንዳንዴም በአንድ መሣሪያ ይጠናሉ። ሥራው ያው ነው። ቅንጣት ያፈጥናሉ፣ ዒላማ ላይ ይለቁታል፣ ከዚያ ምን፣ ወዴት፣ በምን ያህል ጉልበት እንደወጣ ይቆጥራሉ።

ስለ ቅንጣት ፊዚክስ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የአውሮፓው የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ የሰርን፣ ትልቁ ማጋጫ ነው። ይገባዋልም። ነገር ግን ከዚያ በሺዎች እጥፍ ባነሰ ጉልበት የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች አሉ። እነሱ አዲስ ነገር የሚፈልጉት በጉልበት ብዛት ሳይሆን በልኬት ጥራት ነው። በእኔ እምነት ይህ መንገድ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመምታት ማየት

ነገሩ የተጀመረው ማንቸስተር ውስጥ ነው። በ1909 ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን፣ በኧርነስት ራዘርፎርድ መሪነት፣ የአልፋ ቅንጣቶችን በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ለቀቁ። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሰሌዳው ላይ ብልጭ የምትለውን ብርሃን በማይክሮስኮፕ እያዩ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አብዛኞቹ አልፋዎች ቀጥ ብለው አለፉ። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ራዘርፎርድ በ1911 ትርጉሙን አስቀመጠ። የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ መሃል ላይ ባለች እጅግ ትንሽ እምብርት ውስጥ ተጠራቅሟል። የወርቅ ኒውክሌስ ሬዲየስ 7 ፌምቶሜትር ገደማ ነው። አንድ ፌምቶሜትር የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው።

አልፋ ለዚህ ሥራ ሻካራ መሣሪያ ነው፤ ራሱም ከፕሮቶንና ከኒውትሮን የተሠራ ነው። ኤሌክትሮን ይሻላል። እስካሁን እንደሚታወቀው ኤሌክትሮን በውስጡ ሌላ ነገር የለውም። ኒውክሌስን አንድ ላይ የሚይዘው ብርቱ ኃይልም አይነካውም። ስለዚህ ተበትኖ ሲመጣ የሚነግረን ነገር ለመተርጎም ቀላል ነው። ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፣ የሚለየውም ዝርዝር ይረቃል። ሮበርት ሆፍስታተር በ1950ዎቹ ስታንፎርድ ውስጥ በዚህ ዘዴ የብዙ ኒውክሌሶችን መጠን ለካ። ፕሮቶንም ነጥብ እንዳልሆነ፣ የራሱ ስፋት እንዳለው አሳየ። በ1961 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ከዚያ የጉልበቱ መጠን ሌላ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው በስታንፎርድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው አክስለሬተር (ቅንጣት ማፍጠኛ)፣ ጀሮም ፍሪድማን፣ ሄንሪ ኬንዳልና ሪቻርድ ቴይለር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤሌክትሮን በፕሮቶን ላይ ለቀቁ። በሰፊ ማዕዘን የሚመለሰው ኤሌክትሮን ከተጠበቀው እጅግ በዛ። የማንቸስተሩ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ፕሮቶን ውስጥ ትንንሽና ጠጣር ነገሮች አሉ። እነዚህ ኳርኮች ናቸው። ሦስቱ በ1990 ተሸለሙ።

ብተና የሚያሳየው ቅርጽ ብቻ አይደለም። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ፓዮን የሚባለውን ሜዞን ፕሮቶን ላይ ሲለቁ፣ በአንድ የጉልበት አካባቢ ግጭቱ በድንገት በረታ። ሁለቱ ለቅጽበት ተዋህደው ዴልታ የሚባል ቅንጣት ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያው ይፈርሳሉ። ከዚህ በኋላ በብተና ልኬቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን እየለዩ የፕሮቶንን ከፍተኛ የጉልበት ደረጃዎች መመዝገብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ጉብታዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚደራረቡ ሥራው አድካሚ ነው፤ ዛሬም አላለቀም።

የፕሮቶን ስፋት ጉዳይ በ2010 እንደገና ተነሳ። በጀርመኗ ማይንትስ በኤሌክትሮን ብተና የተገኘው ሬዲየስ 0.88 ፌምቶሜትር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ፣ ፓውል ሸረር ኢንስቲትዩት፣ ሌላ ቡድን ኤሌክትሮኑን በሙዎን የተካ ሃይድሮጅን ሠርቶ 0.84 አገኘ። ሙዎን ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለፕሮቶኑ በጣም ቀርቦ ነው የሚዞረው። የ4 በመቶ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። የሁለቱም ልኬት ስህተት ግን ከዚያ በእጅጉ ያንስ ስለነበር ሊታለፍ አልቻለም። በ2019 በአሜሪካው ጄፈርሰን ላብ የተደረገ አዲስ የኤሌክትሮን ብተና 0.83 አካባቢ ሲያገኝ ሚዛኑ ወደ ትንሹ ቁጥር አጋደለ። የድሮው ልኬት የት ላይ እንደሳተ ግን አሁንም ያከራክራል።

ኒውክሌስ ሁሉ ክብ አይደለም

በኒውክሌስ ውስጥ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በየደረጃው ይሰፍራሉ። አንድ ደረጃ ጢም ብሎ ሲሞላ ኒውክሌሱ ይጠነክራል። የሚሞላባቸው ቁጥሮች 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82 እና 126 ናቸው፤ ባለሙያዎቹ አስማታዊ ቁጥሮች ይሏቸዋል። ለምን እነዚህ ብቻ እንደሆኑ በ1949 ያስረዱት ማሪያ ጎፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን ናቸው፤ ለየብቻ ሠርተው አንድ መልስ ላይ ደረሱ። ቁልፉ የቅንጣቱ ሽክርክሪትና የምሕዋሩ ዙረት እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። እርሳስ-208 ሁለቴ አስማታዊ ነው፦ 82 ፕሮቶን፣ 126 ኒውትሮን።

ኒውትሮን ከመጠን በላይ በበዛባቸው ኒውክሌሶች ግን አስማቱ ይከዳል። ማግኒዥየም-32 ውስጥ 20 ኒውትሮን ቢኖርም የሚጠበቀው ጥንካሬ የለም። ኦክስጅን-28፣ 8 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን ስላለው፣ በወረቀት ላይ ሁለቴ አስማታዊ ነው። በ2023 ጃፓን ውስጥ በሪከን የምርምር ተቋም ሲታይ ወዲያውኑ አራት ኒውትሮን ጥሎ ኦክስጅን-24 ሆነ። ሊቲየም-11 ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኢሳኦ ታኒሃታና ባልደረቦቹ በ1985 በርክሌይ ላይ በብተና ሲለኩት እጅግ ሰፊ ሆኖ አገኙት። ሁለት ኒውትሮኖች ከዋናው አካል ርቀው እንደ ጭጋግ ይከቡታል። 11 ቅንጣት ብቻ ይዞ ስፋቱ 208 ቅንጣት ከያዘው እርሳስ ጋር ይቀራረባል።

ቅርጹም ይለያያል። ብዙዎቹ ኒውክሌሶች ሞላላ ናቸው። ራዲየም-224 የፒር ፍሬ ቅርጽ እንዳለው በ2013 በሰርኑ አይዞልድ ቤተ ሙከራ ተረጋግጧል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የኒውትሮን ቆዳ ልኬት ነው። ከባድ ኒውክሌስ ውስጥ ትርፍ ኒውትሮኖች ወደ ዳር ተገፍተው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ኤሌክትሮን በደንብ አያየውም። ጄፈርሰን ላብ ዘዴ ፈለገ። የኤሌክትሮኖቹን ሽክርክሪት አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያገላበጡ እርሳስ ላይ ለቀቁ። ደካማው ኃይል (ብዙ ቅንጣቶችን የሚያፈርሰው ሌላው የተፈጥሮ ኃይል) ቀኝና ግራን ስለሚለይ፣ በዋናነት የሚነካውም ኒውትሮኖቹን ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ጥቂት የብተና ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊዮን ግማሽ ገደማ ነው። ያንን ለክተው በ2021 የቆዳው ውፍረት 0.28 ፌምቶሜትር ገደማ መሆኑን አሳወቁ። ይህ ቁጥር የኒውትሮን ኮከቦችን ስፋት ለመገመት ይረዳል፤ ኮከቡንም ቆዳውንም የሚወስነው በኒውትሮን የበለጸገ ቁስ ሲጨመቅ የሚያሳየው ግፊት ነውና። ቀጥሎ በካልሲየም-48 ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ልኬት ግን ስስ ቆዳ አሳየ። ሁለቱን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ማስታረቅ ከባድ ሆኗል።

ብርቅ አፈራረስ

ሂደኪ ዩካዋ በ1935 ኒውክሌስን የሚያያይዘውን ኃይል የሚያመላልስ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። ፓዮን በ1947 ተገኘ። ያገኙት የብሪስቶሎቹ ሴሲል ፓወል፣ ሴዛር ላተስና ጁሴፔ ኦኪያሊኒ፣ ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮችን በፎቶ ፊልም ላይ በማስቀረት ነው። ቻርጅ ያለው ፓዮን 26 ናኖሰከንድ ገደማ ይኖርና ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወደ ሙዎንና ኒውትሪኖ (ቻርጅ የሌለው፣ እጅግ ቀላል ቅንጣት) ይፈርሳል። ወደ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ የሚፈርሰው ከ10,000 አንዴ ብቻ ነው። ኤሌክትሮን ቀላል ስለሆነ በተቃራኒው ቢበዛ ነበር የሚጠበቀው። ታዲያ ለምን?

የፓዮን ሽክርክሪት ዜሮ ነው። ሲፈርስ የሚወጡት ሁለት ቅንጣቶች ሽክርክሪታቸው ተጣፍቶ ዜሮ መምጣት አለበት። ደካማው ኃይል ግን ኒውትሪኖን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር አድርጎ ያወጣዋል። ሂሳቡ እንዲገጥም አብሮት የሚወጣው ቅንጣት ደካማው ኃይል የማይፈቅደውን አቅጣጫ ለመያዝ ይገደዳል። ለከባዱ ሙዎን ይህ ይቻላል። ኤሌክትሮን ግን የሚወጣው የብርሃንን ፍጥነት ተጠግቶ ስለሆነ እጅግ ይከብደዋል።

ይህ አፈራረስ በ1950ዎቹ ተፈልጎ ሲጠፋ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1958 በሰርን የመጀመሪያ አክስለሬተር ላይ ታየ። ዛሬ ስሌቱ እጅግ ጥርት ብሏል፤ ልኬቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። በካናዳው ትራያምፍ ቤተ ሙከራ የተገኘው ምርጥ ልኬት ከአንድ በመቶ አንድ አራተኛ ገደማ ስህተት አለው። ችግሩ ሙዎኑም በተራው ወደ ኤሌክትሮን መፍረሱ ነው። የሚፈለጉት ኤሌክትሮኖች 70 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት አላቸው፤ ከሙዎን የሚመጡት ከ53 አይበልጡም። ነገር ግን መሣሪያው አንዳንዴ ጉልበት ያመልጠዋል። ያኔ የሚፈለገው ከማይፈለገው ጋር ይቀላቀላል። ፓውል ሸረር ላይ እየተዘጋጀ ያለው ፓዮኒር ሙከራ ስህተቱን ወደ ስሌቱ ደረጃ ለማውረድ አልሟል። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ፣ በየትኛውም ማጋጫ ሊፈጠር የማይችል ከባድ ቅንጣት ከጀርባ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት ተከስቷል። ኬዎን ከፓዮን የሚከብድ ሌላ ሜዞን ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ገለልተኛ (ቻርጅ የሌለው) ኬዎን ወደ ሁለት ሙዎን የሚፈርሰው ከቢሊዮን 7 ጊዜ ገደማ ነው። በ1960ዎቹ የነበረው ንድፈ ሐሳብ ከዚህ እጅግ ይበዛል ይል ነበር። በ1970 ሼልደን ግላሾው፣ ጆን ኢሊዮፖሎስና ሉቻኖ ማያኒ አፈራረሱን የሚያፍን አራተኛ ኳርክ መኖር አለበት አሉ። በ1974 ቻርም ኳርክ ተገኘ። ማለትም የአንድ ነገር አለመታየት ያልታወቀ ቅንጣት ጠቆመ። ኬዎን ቁስና ፀረ-ቁስ በአንድ ሕግ እንደማይመሩ ያሳየም ነው፤ ጄምስ ክሮኒንና ቫል ፊች በ1964 በአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ያዩት ከሺህ 2 ጊዜ ብቻ በሚሆን አፈራረስ ነበር።

ኢታ ሜዞን ለዚህ ዓይነት ፍለጋ የተመቸ ነው። ፈጣን የሆኑት የመፍረሻ መንገዶች ሁሉ በሕግ ስለተዘጉበት ከአቻዎቹ ይልቅ ረጅም ይቆያል፤ ስለዚህ ብርቅ የሆነው ነገር ቦታ ያገኛል። ወደ ሦስት ገለልተኛ ፓዮኖች መፍረሱ ራሱ “ላይ” እና “ታች” የሚባሉት ሁለት ዓይነት ኳርኮች ክብደት እኩል ባለመሆኑ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ይህን መለካት የኳርኮችን ክብደት ልዩነት መለካት ነው።

እያንዳንዱ ገለልተኛ ፓዮን ወደ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ስለሚፈርስ፣ ሦስቱ ስድስት ፎቶን ይሆናሉ። ስድስቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ከተሠሩት ሁሉ ክሪስታል ቦል የተለየ ታሪክ አለው። 672 የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች በሉል ቅርጽ ተደርድረው ዒላማውን ከሁሉም አቅጣጫ ማለት ይቻላል ይከቡታል። ክሪስታሉ እርጥበት ስለሚጠጣ ታሽጎ ይጠበቃል። መሣሪያው ስታንፎርድ ተሠራ፣ በ1982 ሃምቡርግ ሄደ፣ ከዚያ ብሩክሄቨን፣ በ2002 ደግሞ ማይንትስ ገባ። ብሩክሄቨን ላይ ፓዮን ፕሮቶን ላይ እየለቀቁ ኢታ ያመርቱበት ነበር። ኢታ ወደ አራት ገለልተኛ ፓዮኖች፣ ማለትም ወደ ስምንት ፎቶን፣ ሲፈርስ ለማየት ፈለጉ፤ አንድም አላገኙም። ከዚያ ተነስተው ይህ ቢሆን እንኳ ከሚሊዮን አንዴ እንደማይሞላ ወሰኑ። ማይንትስ ላይ ደግሞ ያው መሣሪያ በፎቶን ጨረር የፕሮቶንን ጉብታዎች ያጠናል። ብተናና ብርቅ አፈራረስ እዚህ አንድ ሉል ውስጥ ተገናኝተዋል።

አሁን የሁሉም ዓይን ያለው ኬዎን ወደ ፓዮንና ሁለት ኒውትሪኖ ሲፈርስ ነው። ስሌቱ ቻርጅ ላለው ኬዎን ከ100 ቢሊዮን 8 ገደማ ይላል። ሁለቱ ኒውትሪኖዎች አይያዙም፤ የሚታየው አንድ ፓዮን ብቻ ነው። የሰርኑ ኤንኤ62 ሙከራ ሌላ ምንም እንዳልወጣ ለማረጋገጥ ገለልተኛ ፓዮኖችን ከ100 ሚሊዮን አንድ ብቻ እስኪያመልጡት ድረስ ይጠብቃል። ውጤቱ የሚገኝበት ክልል ደግሞ ትንተናው እስኪያልቅ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ማንም ወደሚመኘው መልስ እንዳያጋድል። ጥሩ ልማድ ነው። በ2024 ባሳወቁት ውጤት 51 ክስተቶች ታዩ፣ ከእነሱ 18 ያህሉ የሐሰት እንደሚሆኑ ተገምቷል። የተገኘው መጠን ከ100 ቢሊዮን 13 ነው፤ ከስሌቱ ከፍ ይላል፣ ግን በስህተት ህዳጉ ምክንያት ተቃርኖ አይባልም።

የገለልተኛው ኬዎን ተመሳሳይ አፈራረስ፣ በስሌት ከ100 ቢሊዮን 3፣ ገና አልታየም። የጃፓኑ ኮቶ ሙከራ በጄ-ፓርክ አክስለሬተር ማዕከል ይፈልገዋል። ሰርን በ2024 ኤንኤ62 ያለበትን አዳራሽ ለሌላ ሙከራ ስለመደበ፣ የኬዎን ጥናት እዚያ ተተኪ አላገኘም። ይህ ከልብ ያሳስበኛል፤ ልኬቱ ከስሌቱ ጋር ይገጥም አይገጥም ለመለየት የቀረው ጥቂት ነበር። የጄ-ፓርክ ተመራማሪዎች ግን የተሻሻለ ሁለተኛ ኮቶ ሐሳብ አቅርበዋል።