የከተማ ቧንቧ ውሃ፦ ዓይንና አፍንጫ የሚሳሳቱበት

«ለገዳዲ ላይ ከተጣራ አለቀ»
አላለቀም። ከለገዳዲ፣ ከአዲስ አበባው የውሃ ማጣሪያ፣ እስከ ቤት ድረስ ረጅም ቧንቧ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፤ መጋጠሚያው የላላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በዙሪያው ያለውን፣ ፍሳሽም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚህ ነው ናሙና ከማጠራቀሚያዎች፣ ከመስመር ጫፍና ከደንበኛ ቧንቧም የሚወሰደው። ከፈረቃ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት አውሉት እንጂ ሮቶ ውስጥ አታስገቡት።

«ክሎሪን ከሸተተ ተበላሽቷል»
የሚያሳስበው ክሎሪን ሲጠፋ ነው። ቤት የደረሰ ውሃ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ቢኖረው ይመረጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 5 ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የዲፒዲ ቁጥር 1 እንክብል (ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን መመርመሪያ) ይሟሟና የሮዝ ቀለሙ ወዲያው ከማነጻጸሪያው ጋር ይታያል። ከቆየ ቀለሙ እየደመቀ ያሳስታል። አንድ ወጥመድም አለ፦ ክሎሪኑ እጅግ ከበዛ ሮዙ ብልጭ ብሎ ይጠፋና «ምንም የለም» ያሰኛል። ከተጠራጠሩ ናሙናውን አቅጥኖ መድገም ነው።

«ነጭ ሆኖ የሚወርደው ክሎሪን በዝቶበት ነው»
በብርጭቆ ቀድታችሁ ጠብቁ። ከታች ወደ ላይ ከጠራ አየር ነው፤ ከታች የሚዘቅጥ ነገር ካለ ግን አሳውቁ።

«ካፈሉት ሁሉም ይስተካከላል»
ጀርሙ ይሞታል። ፍሎራይድ ግን አይወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ችግር ይኸው ነው።

«ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ ቢሄድ ምን አለበት?»
ውጤቱን ከንቱ ያደርገዋል። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚያስፈልገው ከጀርም የጸዳ፣ ክሎሪንን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተጨመረበት ጠርሙስ ነው። ታዮሰልፌቱ ከሌለ ክሎሪኑ በመንገድ ላይም መግደሉን ይቀጥላል፤ ላብራቶሪው ባዶ ያገኘው ውሃ ሲቀዳ ባዶ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ታዮሰልፌቱ እንዳይታጠብ ጠርሙሱ አይለቀለቅም። ከቧንቧው አፍ ላይ ጎማና ወንፊት ይነሳል፣ ብረት ከሆነ በእሳት ይለበለባል፣ ውሃው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈሳል፣ ከዚያ ለመነቅነቂያ ትንሽ ቦታ ተትቶ ይቀዳል። በበረዶ ሳጥን ሆኖ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይገባል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) መገኘት የለበትም። ቀሪ ክሎሪኑ ግን እዚያው ቧንቧው ሥር ይለካል፣ ከሌላ ብልቃጥ።