ሙዚቃ በቤት ውስጥ፦ የልጆችን የፈጠራ ችሎታ ማጎልበት

ልጆች ዜማ ማውጣት የሚጀምሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የመጫወቻ መኪናዋን ወለሉ ላይ እየገፋች «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደችልኝ» እያለች በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ብቻ ታንጎራጉራለች። መሐል ላይ ከምታውቀው መዝሙር አንዲት ሐረግ ትሰነቅራለች፤ መኪናዋ ስትቆም ዜማውም ይቆማል። ከውጭ ሲያዩት ተራ ጨዋታ ይመስላል፤ የሙዚቃ ድርሰት መነሻው ግን እሱ ነው። በቤት ውስጥ የልጆችን ፈጠራ በሙዚቃ ማጎልበት የሚባለውም ይህ ከልጁ የሚፈልቅ ዜማ እንዳይደርቅ ጊዜ፣ ቦታና አዳማጭ መስጠት ነው። ወላጁ ሙዚቀኛ እንዲሆን አይጠበቅበትም።

የልጁ ጆሮ ሥራውን የሚጀምረው ገና ከመወለዱ በፊት ነው። ፅንስ በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃንም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ከተወለዱ 2 እና 3 ቀን የሆናቸው ሕፃናት ተኝተው ሳሉ የከበሮ ምት እያሰማ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ለክቷል። ጠንካራው የመነሻ ምት ሲጎድል አንጎላቸው ጉድለቱን ያስተውል ነበር። ስለዚህ ከሕፃን ጋር የሚደረገው የሙዚቃ ጨዋታ ከመጀመሪያው ቀን ሊጀመር ይችላል። ሕፃኑ «አአ» ሲል በዚያው ቃና «አአ» ብሎ መመለስ፣ ከዚያም ዝም ብሎ ተራውን መጠበቅ ነው። ብዙ ወላጅ የሚቸገረው በዝምታው ላይ ነው፤ ሕፃኑ ለመመለስ ጥቂት ሰኮንዶች ይፈልጋል፤ እኛ ግን ቶሎ እንሞላበታለን።

ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን ሲተዉ ምን እንደሚፈጥሩ በቅርበት ከተከታተሉት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ የተከፈተው የፒልስበሪ ፋውንዴሽን ትምህርት ቤት ነበር። አቀናባሪው ዶናልድ ፖንድ ልጆቹ እንደፈለጉ የሚያነሷቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እየተከታተሉ ይመዘግቡ ነበር። የታየው ነገር ዛሬም ለወላጅ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ልጅ ዜማ ከመሥራቱ በፊት ድምፁን ራሱን ይመረምራል። አንዱን ነገር በጥፍሩም በመዳፉም፣ ጫፉንም መሐሉንም ይመታዋል። ሙዚቃው ደግሞ ከእንቅስቃሴውና ከንግግሩ ተለይቶ አይቆምም። ድስት ይዞ ለሩብ ሰዓት የሚቀጠቅጥ ልጅ የሚረብሽ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ በምርምር ላይ ነው።

የወላጁ ዋና ሥራ ማስተጋባት ነው። ልጁ ጠረጴዛውን «ታ፣ ታ፣ ቲቲ፣ ታ» ብሎ ሲመታ ያንኑ ሳይለውጡ መመለስ «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር የመጨረሻዋን ምት ብቻ ለወጥ ቢያደርጉበት ልጁ ልዩነቱን ይይዛታል፤ ስቆ ወይ ወደ ነበረችበት ይመልሳታል፣ ወይ ከእርስዎ የባሰ ያጣምማታል። በዚህች ቅጽበት ልጁ ሙዚቃ እየደረሰ ነው። የሚያውቀውን መዝሙር ግጥም እየለወጡ የራሱን ስም፣ የድመቷን ወይም የጠፋውን ካልሲ ማስገባትም እንዲሁ ይሠራል። «እንዲህ አይደለም የሚባለው» የምትለዋ እርማት ግን ለሌላ ጊዜ ትቆይ። መዝሙሩን በትክክል ማወቅ ጥሩ ነገር ነው፤ ልጁ በራሱ መንገድ እየለወጠው ባለበት ሰዓት ግን እርማት ጨዋታውን ይገድለዋል።

መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። አምስት ብርጭቆ ደርድሮ የተለያየ መጠን ውሃ መጨመርና በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል፤ ውሃው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። አፈ ጠባብ ጠርሙስ ላይ እፍ ሲሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። በመጀመሪያው የሚርገበገበው ብርጭቆው ነው፤ ውሃው እየከበደው ያዘገየዋል። በሁለተኛው የሚርገበገበው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነው፤ እሱም ባጠረ ቁጥር ይፈጥናል። ይህን ለልጁ አስቀድሞ መንገር ደስታውን መንጠቅ ነው፤ ግራ ይጋባ፣ ደጋግሞ ይሞክር፣ ከዚያ ይጠይቅ። በካርቶን ሳጥን ላይ የተወጠረ ላስቲክም ሲከር ቀጥኖ፣ ሲላላ ወፍሮ ይሰማል። እህል ተጨምሮበት የሚንሿሿ ጠርሙስ ሲሠራ ክዳኑ በደንብ ይታሸግ፤ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጥቃቅን ነገር ወደ አፋቸው ይወስዳሉና።

ሙያዊ የሙዚቃ ትምህርት ዘዴዎችም ለቤት የሚሆን ነገር አላቸው። ስዊዘርላንዳዊው ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ ምት በመላው ሰውነት መለመድ አለበት ብለው አስተማሩ። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ የሕዝብ ዜማንና የሰውን ድምፅ መሠረት አደረጉ። ለፈጠራ በጣም የቀረበው ግን፣ በእኔ እምነት፣ የጀርመናዊው ካርል ኦርፍ መንገድ ነው። ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ከዶሮቴ ጉንተር ጋር ሙኒክ ውስጥ ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር፤ በኋላም ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ዘዴውን ለልጆች አበጁት። ዘዴው የሚሠራበት ዛይሎፎን፣ ማለትም የተደረደሩ እንጨቶች እየተመቱ የሚጫወቱት መሣሪያ፣ እንጨቶቹ የሚነሱ ናቸው። «ዶ፣ ሬ፣ ሚ» እየተባሉ ከሚቆጠሩት ሰባት ድምፆች «ፋ» እና «ሲ» ሲወጡ አምስት ይቀራሉ፤ እርስ በርስ የሚጋጩት የቅርብ ድምፆች ስለሚጠፉ ልጁ የትኛውን ከየትኛው ጋር ቢመታ ጆሮ አይቆረቁርም። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎችም እንዲሁ አምስት ድምፆች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ኪቦርድ ወይም የስልክ ፒያኖ ካለ «ጥቁሮቹን ብቻ» የሚል አንድ ሕግ ጀማሪውን ከስሕተት ፍርሃት ያወጣዋል።

ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ በበኩላቸው ልጅ ቋንቋን እንደሚለምድ ሙዚቃንም በመስማት፣ በመደጋገምና በወላጅ ድጋፍ ይለምዳል ብለዋል። ዘዴያቸው ከፈጠራ ይልቅ ለመኮረጅ ያደላል የሚል ትችት ይቀርብበታል። ያም ሆኖ ቤትን የትምህርቱ ማዕከል ማድረጋቸው የሚናቅ አይደለም።

በዚህ መስክ ስር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ለሕፃን የሞዛርት ሙዚቃ ማሰማት ብልህ ያደርገዋል የሚለው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት ነው። የተፈተኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ 10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ በአንድ ዓይነት የቦታና የቅርጽ ፈተና ላይ የታየው መሻሻልም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አልዘለለም። በጥናቱ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ለአራስ ሕፃናት የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል በጀት እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር። ሙዚቃ ከፍቶ ልጁን ትቶ መሄድ አብሮ መጫወትን አይተካም።

አብሮ ስለመጫወት ያለው መረጃ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የአራት ዓመት ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ከፊሎቹን በዘፈንና በምት፣ ከፊሎቹን ያለ ሙዚቃ አጫወተ፤ በሙዚቃ የተጫወቱት ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ይበልጥ ይረዳዱና ይተባበሩ ነበር።

ሽልማት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የታወቀ ሙከራ ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አጥንቷል፤ ለሚስሉት የምስክር ወረቀት ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሳምንታት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሣሉ። ጥናቱ የሥዕል ቢሆንም ለዜማም ያስጠነቅቃል። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ «መጨረሻ ላይ ድምፅህን ዝቅ ያደረግኸው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ልጁ የፈጠረውን ማስቀመጥ ይፈልጋል። በስልክ ቀርጾ ማሰማት፣ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ምት መደረብ ይቻላል። ኖታ የማያውቅ ልጅም በራሱ ምልክት ይጽፋል፤ ለረዥሙ ድምፅ ረዥም መስመር፣ ለአጭሩ ነጥብ። ወላጁ ያንን ወረቀት «እያነበበ» ሲመታው ልጁ የጎደለውን ያያል፤ ምልክቱንም ራሱ ያስተካክላል። የጆሮ ማዳመጫ ላይ ግን ገደብ ያሻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው ጣሪያ በ75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ልጁ መደበኛ ትምህርት ሲጀምር የራሱ ዜማ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በልምምድ ብዛት ነው። መምህር ሲመረጥ ተማሪውን አንዳንዴ «ዛሬ የራስህን አሰማኝ» የሚል መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ቤት ውስጥም ከልምምዱ ሰዓት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ማንም ሳያርመው እንደፈለገ እንዲጫወትባቸው ለልጁ መተው ነው።