የካርማን ቮልስ የሸራ ጣሪያ እና አቀያየሩ

ጣሪያው የሚታጠፈው ባለአራት ሰው ቮልስ፣ ቢትል ካብሪዮሌ፣ ጀርመን ኦስናብሩክ በሚገኘው የካርማን ፋብሪካ ከ1949 እስከ ጃንዋሪ 10 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። በብዛት የሚጠቀሰው የምርት ቁጥር 331,847 ነው። ባለሁለት ሰውን ዓይነት ይሠራ የነበረው የጀርመኗ ቩልፍራት ከተማ ድርጅት ሄብሙለር ግን ፋብሪካው በጁላይ 1949 በእሳት ከተጎዳ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ከእጁ የወጡት 700 ገደማ ናቸው።

የካርማን ጣሪያ ሸራ ብቻ አይደለም። ከውጭ ቪኒል ወይም ጨርቅ፣ መሃል ላይ ፍራሽ፣ ከውስጥ ኮርኒስ አለው፤ የኋላ መስኮቱም እውነተኛ መስታወት ነው። አንድ ንብርብር ቪኒል ብቻ ከሚለብሱት የዘመኑ የእንግሊዝ ክፍት መኪኖች ጋር ሲነጻጸር ቤት ነው ማለት ይቻላል። ዋጋውም አለው፦ ሲታጠፍ እንደ ሕፃን ጋሪ ክዳን ከኋላ ተቆልሎ የሾፌሩን የኋላ እይታ ይጋርዳል።

አዲስ ጣሪያ ከመታዘዙ በፊት ሞዴሉ ይጣራ። 1303 የሚባለው ሞዴል ፓራብሬዛው ጎባጣ ስለሆነ የጣሪያው የፊት እንጨት ከቀደሙት ይለያል፤ ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው አይሆንም።

አሮጌው በየንብርብሩ ይፈታል፤ አንዱም አይጣልም። የሸራው መሃል በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፣ ጠርዙ ስንት ሴንቲ እንደታጠፈና መስኮቱ ከቦዲው በስንት ርቀት እንደተቀመጠ ይለካ። ከዚያ እንጨቶቹ፣ በተለይ ከኋላ ሸራው በስቴፕል የሚመታበት፣ በካቻቢቴ ጫፍ ይወጉ። ጫፉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ይቀየራል። በስቱኮ መሙላት ከንቱ ነው፤ ስቴፕል አይይዝም፣ ሸራው ሲወጠር ከነስቱኮው ይነቀላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። የጣሪያው አጽም ባዶውን ሳለ ይዘጋ፣ የበር መስታወቶቹ ወደ ላይ ይዘጉ፣ በመስታወቱና በጣሪያው ሐዲድ መካከል ያለው ክፍተት ከፊት እስከ ኋላ እኩል መሆኑ ይታይ። መጋጠሚያዎቹ ከላሉ ወይም አንዱ ክንድ ከጎበጠ አሁኑኑ ይስተካከል። ሸራ ከለበሰ በኋላ የተጣመመ አጽም የሚታረመው ሁሉንም መልሶ በማፍረስ ነው።

የማልበሱ ቅደም ተከተል ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ ኮርኒስ፣ የአጽሙን ቅስቶች ርቀት የሚጠብቁት ጠፍሮች፣ ፍራሽ፣ መስኮት፣ ከዚያ ሸራው። ሁልጊዜ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ጎን ይኬዳል። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባና ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቃል። ስቴፕሉ የማይዝግ ይሁን፤ መጀመሪያ ለሙከራ በግማሽ ብቻ ይመታል፣ ምክንያቱም ሸራው ቢያንስ ሁለት ጊዜ መነቀሉ አይቀርም።

ቪኒል በብርድ አይለጠጥም፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማለስለስም ይረዳል። የፊቱ ጠርዝ ሲወጠር መቆለፊያዎቹ ይፈቱና ጣሪያው ከፓራብሬዛው ጥቂት ብድግ ይላል፤ ሸራው እዚያው ላይ ይመታል። መልሶ ሲቆለፍ የቀረውን ውጥረት ራሱ ያመጣዋል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ መቆለፊያው አይደርስም፣ ማዕዘኑም ይቀደዳል። ከላላ ደግሞ በፍጥነት ሲነዱ ይርገበገባል፣ ዝናብም ያቁራል። ከኋላ በታችኛው ጠርዝ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ገመድ መጨረሻ ላይ፣ ከሁለቱም ጎን ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይወጠራል።

ቪኒል ወይስ ጨርቅ የሚለው ክርክር አላለቀም። ቪኒል ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይታጠባል። መሃሉ ላይ ላስቲክ ያለው ባለሦስት ንብርብር ጨርቅ ግን ቅርጹን የተሻለ ይጠብቃል፤ ወጪው ከተቻለ እሱ ይመረጣል።

አዲሱ ጣሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ይቆይ። እርጥብ ሆኖ ፈጽሞ አይታጠፍ፤ ፍራሹ ይሻግታል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ውኃ ማስገባቱ ሲፈተሽ በውኃ ጎማ ከታች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይረጫል፤ ከላይ ከተጀመረ ውኃው በየት እንደገባ አይለይም። በመስታወቱ የፊት ማዕዘን የሚንጠባጠብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሸራው ሳይሆን የበሩ ጎሚኒ ነው።