የብረት ጥልፍ የፍሪሲዮን ቱቦ ምንድን ነው?

«የፍሪሲዮን ቱቦዬን ወደ ብረት ጥልፍ ቀየርኩት። መንሸራተቱ ቀረ፤ ፍሪሲዮኔ ጠነከረ።»

ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ወንድም በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁትና ዝም ማለት አቃተኝ። ሰው እሱን አምኖ ገንዘቡን ያለቦታው ያወጣላ!

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያይዝና የሚለቅ ክፍል ነው። በሃይድሮሊክ ማለትም በዘይት ግፊት በሚሠራው ፍሪሲዮን ሁለት ሲሊንደሮች አሉ። የላይኛው ፔዳሉ ጋ ነው፣ የታችኛው ካምቢዮው ጋ። የሚያገናኛቸው የብረት ቧንቧ ነው። ሞተሩ ስለሚነቃነቅ ግን ጫፉ ላይ አጭር ተጣጣፊ ቱቦ ይገባበታል። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የጎማ ነው። የብረት ጥልፍ የምንለው ውስጡ ቴፍሎን ሆኖ ላዩ በማይዝግ ቀጭን ሽቦ የተጠለፈውን ነው። ሥራውም አንድ ነው፦ ግፊት ሲመጣበት አለመነፋት። ሌላ ሥራ የለውም።

ጎማው እንደሚነፋ ማየት ከፈለጋችሁ ማዝዳ ሚያታ የሚባለውን መኪና የቆየውን ፈልጉ፤ ከ1989 እስከ 1997 የተሠራውን የመጀመሪያውን ትውልድ። እዚህ አሜሪካ አሁንም ሞልቷል። እኔ አንዱን አንስቼ ከሥሩ ገባሁና ቱቦውን በመዳፌ ጨበጥኩት። ባለመኪናውን «እርገጥ» አልኩት። ቱቦው እጄ ውስጥ አበጥ ብሎ መልሶ ሲከሳ ተሰማኝ። ያ እብጠት ታች መድረስ የነበረበት ዘይት ነው።

ስንት ይሆናል? ለምሳሌ የላይኛው ሲሊንደር ስፋቱ 16 ሚሊሜትር ይሁን፣ ፒስተኑም 25 ሚሊሜትር ይጓዝ። 5 ሲሲ ያህል ዘይት ይገፋል ማለት ነው። የታችኛው 19 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 17.7 ሚሊሜትር ይወጣል። አሁን ቱቦው እየተለጠጠ ሩብ ሲሲ ዋጠ እንበል። ታች ወደ 0.9 ሚሊሜትር ጎደለ። ከ20 እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ይቀርና ማርሹ ይንጫጫል፣ በተለይ ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ። ጥልፉ የሚመልስላችሁ ይህችን ነው።

የጉድጓድ ውሃ ስቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ገመዱ የሚለጠጥ ከሆነ አንድ ክንድ ስትስቡ ባልዲው አንድ ክንድ አይነሳም። ገመዱን በሰንሰለት ብትቀይሩት በሳባችሁት ልክ ይነሳል። ባልዲው ግን ያው ባልዲ ነው። ሰንሰለት ስላሰራችሁበት ትልቅ አይሆንም፣ ውሃውም አይቀልም። ባልዲው የተቀደደ ከሆነ በሰንሰለትም ያፈሳል። የተቀደደው ባልዲ የታችኛው ሲሊንደር ነው። በዚያ ሚያታ ላይ ጎሚኒው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ) እያለቀ ዘይት ማፍሰሱ የታወቀ በሽታ ነው። የጎማ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጉት፤ እርጥብ ከሆነ ከቱቦው በፊት ሲሊንደሩን ቀይሩ። ከፔዳሉ በላይ ወይም ከእግራችሁ ሥር ምንጣፉ ከራሰ ደግሞ የላይኛው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልመለስ። ፍሪሲዮን የሚንሸራተተው መቼ ነው? እግራችሁ ፔዳሉ ላይ በሌለበት ሰዓት! ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። በዚያ ሰዓት ቱቦው ውስጥ ግፊት የለም። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ጋር ተገናኝቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ግፊት የሌለበት ቱቦ ነፋ አልነፋ ምን ይለውጣል? የሞተሩን ጉልበት የሚይዘው የፕሬሸር ፕሌቱ (ዲስኩን የሚጫነው ሳህን) ስፕሪንግ፣ የሸራው (ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ልባስ) ሰበቃና የዲስኩ ስፋት ነው። ቱቦው ሸራውን ለመልቀቅ እንጂ ለመያዝ አይረዳም።

«እኔ ግን ቀይሬው መንሸራተቱ ቆመ» ይላል ያ ወንድም። አምነዋለሁ፤ አይዋሽም። የሳተው ምክንያቱን ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ይጠባል። ስትረግጡ በኃይል ስለሚገፋ ዘይቱ ያልፋል። ስትለቁ ግን ቶሎ አይመለስም። ግፊቱ ታች ታፍኖ ስለሚቀር ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ይሆናል። ያኔ በርግጥም ይንሸራተታል። ያን ቱቦ በማንኛውም አዲስ ቱቦ ብትቀይሩት ይድናል፣ በርካሹ የጎማ ቱቦም ጭምር። ያዳነው አዲስ መሆኑ ነው፣ ሽቦው አይደለም። የላይኛው ሲሊንደር ዘንግ ያለ ክፍተት ሲጠብቅም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ መመለሻዋ ቀዳዳ ትዘጋለች። ስለዚህ ፔዳሉ ላይ ትንሽ ልቅ እንቅስቃሴ መኖሩን ሁሌም እዩ።

«ፔዳሉን ያቀልላል» የሚሉም አሉ። አያቀልልም። ስፕሪንጉ ያው ስፕሪንግ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው ጠጠር አለብኝ ይላል፣ ምክንያቱም ያ የሚለጠጥ ጎማ እግሩን ሲያለሰልስለት ኖሯል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት የፔዳል ቦታም ወደ ላይ ከፍ ይላል። በኒሳን ኤስ13 ላይ ደግሞ የተጠመዘዘውን ቧንቧ ከነንዝረት ማለስለሻው አውጥተው አንድ ረጅም ጥልፍ ቱቦ ይዘረጉበታል። ይቻላል፤ የሞተሩ ንዝረት ግን በፔዳሉ በኩል እግር ላይ ይመጣል። ቢኤምደብሊው ኢ46 ላይ ለውጥ የሚሰማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ለውጡን ያመጣላቸው አብረው ያወጡት የዘይቱን ፍሰት የሚያዘገይ ቫልቭ እንጂ ቱቦው አይደለም።

ከወሰናችሁ ግን እነዚህን ልብ በሉ። ሽቦው እንደ ሞረድ ነው። የሚነካውን ሁሉ፣ ሌላ ቱቦም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እየፋቀ ይበላል። ላዩ ፕላስቲክ የለበሰውን ግዙ፣ ሳትጠመዝዙም እሰሩት። ጎማ ሲያረጅ ተሰንጥቆ ይታያል፤ ጥልፉ ግን የውስጡን ጉዳት ይደብቃል። የቧንቧ ጫፍ ማዕዘንም አለ፦ የውድድር መኪና ማያያዣ 37 ዲግሪ ነው፣ የተለመደው የፍሬን ቧንቧ ጫፍ 45። ሁለቱን አጋብቶ በጉልበት ማጥበቅ ፍሳሽ መጋበዝ ነው። የመዳብ ቀለበቶቹን አዲስ አድርጉ። ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን፤ ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 አትቀላቅሉበት። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ እሱ ከዶት 4 ጋር ይስማማል። አየሩን ደግሞ በትዕግሥት አውጡ። ትንሽ አየር ከቀረ ከጎማው የባሰ ይለጠጣል፤ ያኔ የቀየራችሁት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሥሩ የገባሁበት ሚያታስ? ባለቤቱ ጥልፍ ቱቦውን ገዝቶ በእጁ ይዞ ነበር የመጣው፣ «ይንሸራተታል» ብሎ። ካምቢዮውን አወረድነው። ሸራው አልቆ ሪቬቱ ወጥቷል፣ ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ የወጣ ዘይትም ዲስኩን አጥቦታል። ዲስኩን፣ ፕሬሸር ፕሌቱንና ጎሚኒውን ቀየርን። ቱቦውንም አሰርንለት፤ ጥሩ ቱቦ ነው፣ ማርሹም አሁን ሳይንጫጫ ይገባል።