ከኋላ የሚንጠለጠል የአኳሪየም ፊልተር፦ አሠራሩና አመራረጡ

ከኋላ የሚንጠለጠል ፊልተር በቤት አኳሪየሞች (የመስታወት የዓሣ ገንዳዎች) ላይ በብዛት ከሚታዩት የማጣሪያ ዓይነቶች አንዱ ነው። አሠራሩ አያወሳስብም። የፕላስቲክ ሳጥኑ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ከውጭ ይቀመጣል። መምጠጫ ቱቦው ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። ትንሽ ሞተር ውሃውን በቱቦው ስቦ ወደ ሳጥኑ ያስገባል። ውሃው በስፖንጅና በሌሎች ማጣሪያዎች መሃል ያልፍና በሳጥኑ አፍ በኩል እየፈሰሰ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል።

ሰው የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ክዳኑን አንስቶ ውስጡን ማጽዳት ይቻላል፤ እጅ ገንዳው ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ከዓሦቹ ላይ ቦታ አይሻማም። የሚወርደው ውሃ ደግሞ ገጹን ስለሚያናውጠው ኦክስጅን እንደ ልብ ይገባል። በእኔ እይታ ከ40 እስከ 200 ሊትር ለሚይዝ ተራ የቤት አኳሪየም፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ልዩነታቸው ደግሞ ብዙ ሰው በሚያይበት ቦታ ላይ አይደለም ያለው።

ፊልተር ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ቆሻሻ የሚለቅም ዕቃ ነው። ቆሻሻ መልቀሙ ግን ትንሹ ሥራው ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያ በትንሽ መጠንም ቢሆን ዓሣ ይጎዳል፣ ይገድላልም። ከዚህ የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ይሄኛውም መርዝ ነው። ሌላኛው ቡድን ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙ አያስቸግርም፤ በየሳምንቱ ከፊሉን ውሃ በመቀየር ይቀንሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይደለም። ሻካራ ነገር ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጅ፣ ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ፣ ጠጠርና አሸዋ ሁሉ ይመቻቸዋል። ፊልተር ውስጥ ያለው ስፖንጅ ግን ይለያል፤ አሞኒያና ኦክስጅን የያዘ ውሃ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ያልፍበታል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ፊልተር ስትገዙ እንግዲህ የምትገዙት ለእነሱ የሚሆን ቤት ነው። ቤቱ ሰፊ ይሁን። ደግሞ ተጠራርጎ የማይጣል ይሁን።

ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ይመጣል። ከኋላ የሚንጠለጠሉ ፊልተሮች ባጠቃላይ በሁለት ይከፈላሉ፦ ካርትሪጅ የሚጠቀሙና ባዶ ቅርጫት ያላቸው።

ካርትሪጅ ማለት በፕላስቲክ ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ የጨርቅ ከረጢት ነው። ውስጡ ጥቂት አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ልዩ ከሰል፣ አለ። ካርቶኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ገደማ ጥላችሁ አዲስ ግዙ ይላል። አሁን ነገሩን አስቡት። ባክቴሪያው ያን ያህል ጊዜ ወስዶ የተራባው እዚያ ጨርቅ ላይ ነው። ሰውየው ታዛዥ ሆኖ ይጥለዋል፤ አዲስና ንጹሕ ይተካል። በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ውሃው ይደፈርሳል፤ አሞኒያው ይወጣል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ እየመጡ አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፋፍታሉ። ባለቤቱ ደግሞ «ምን አጠፋሁ? ትናንት ነው ያጸዳሁት» ይላል። ያጠፋው ነገር የለም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ካርትሪጅ በየጊዜው ሲሸጥ የሚጠቀመው አምራቹ እንጂ ዓሣው እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ቅርጫት ያለው ፊልተር ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የፈለጋችሁትን ትሞላላችሁ። በደንብ የተሞላ ቅርጫት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ውሃው ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከሥር ወፍራም ስፖንጅ ይቀመጣል። ትልልቁን ቆሻሻ የሚይዘው እሱ ነው። ከላዩ ሴራሚክ ቀለበቶች ይደረደራሉ፤ ቆሻሻው ከሥር ስለቀረ ቀዳዳቸው ቶሎ አይደፈንም። ውሃውን እንደ መስታወት ማጥራት የፈለገ ከሴራሚኩ በላይ ስስ ነጭ የፖሊስተር ጥጥ ያክላል። ጥጡ ሲቆሽሽ ይጣላል፤ የሚጣለው ግን እሱ ብቻ ነው። ስፖንጁ ዓመታት ያገለግላል። ከአኳሪየሙ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ እዚያ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል፤ ቡናማው ዝቃጭ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። በቧንቧ ውሃ ማጠብ አይመከርም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ፈጽሞ አዲስ እስኪመስል ማጠብም አያስፈልግም።

ከሰሉስ? የመድኃኒት ቅሪት፣ ሽታና የውሃ ቀለም ለማስወገድ ጥሩ ነው። ለዘወትር ግን ግዴታ አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቅሙ ያልቃል። ዓሣ ሲታመምና መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ መውጣት አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱን ራሱ ይመጠዋል።

ከቅርጫት ዓይነቶቹ በጣም የሚታወቀው አኳክሊር ነው። የሚያመርተው በ1955 በካናዳ፣ ሞንትሪያል የተመሠረተው የሀገን ኩባንያ ነው። ሞዴሎቹ 20፣ 30፣ 50፣ 70 እና 110 ተብለው ይጠራሉ። ቁጥሮቹ የአሜሪካ ጋሎን ናቸው። አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሆነ አኳክሊር 50 ማለት እስከ 190 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ገንዳ የታሰበ ነው። ሌላው ታዋቂ የሲኬም ታይዳል ነው። ጣሊያን ውስጥ ይሠራል፤ ቅርጫቱ ሰፊ ነው፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባታማ ስስ ሽፋንም ይመጥጣል። ማሪንላንድ የተባለው አምራች ደግሞ ባዮዊል በሚባለው ይታወቃል። የሚፈሰው ውሃ የሚያሽከረክረው የተሸበሸበ መንኮራኩር ነው፤ ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር ስለሚነካው ባክቴሪያው ኦክስጅን አያጣም። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ የፊልተሩ ዋና ማጣሪያ ግን ካርትሪጅ ነው። ካርትሪጅ ያለው ፊልተር ቤታችሁ ካለ መጣል የለባችሁም። ወፍራም ስፖንጅ በልኩ ቆርጣችሁ በካርትሪጁ ቦታ ማስገባት ትችላላችሁ። የውሃው መንገድ እንዳይዘጋ ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን ሁሉም ሰው መጀመሪያ ወደሚያየው ቁጥር እንምጣ፤ በሰዓት ስንት ሊትር ያዘዋውራል? የተለመደው መመሪያ የገንዳውን ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚያዘዋውር ይሁን ይላል። ለ100 ሊትር አኳሪየም በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሊትር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሳጥን የሚያሳልፈው ነው። ስፖንጅና ሴራሚክ ሲገባበት ይቀንሳል፤ ስፖንጁ ሲቆሽሽ ይብስ ይወርዳል። ስለዚህ ካርቶኑ «እስከ 100 ሊትር» ካለ ለ100 ሊትር ሳይሆን ከዚያ አነስ ላለ ገንዳ ቁጠሩት። በሁለት መጠኖች መሃል ካመነታችሁ ትልቁን ውሰዱ፤ የውሃ ኃይሉን መቀነሻ እስካለው ድረስ።

መቀነሻው ቀላል ነገር አይደለም። የዓሣው ዓይነት ይወስነዋል። ቤታ የሚባለው ዓሣ ረጅም ክንፉን እየጎተተ ኃይለኛ ውሃ ውስጥ መዋኘት ያደክመዋል። ጎልድፊሽ በተቃራኒው ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ ለእሱ ከመመሪያው ከፍ ያለ ፊልተር ያስፈልጋል። አኳክሊር ላይ መምጠጫ ቱቦውን ወደ ጎን በማዞር የውሃው ኃይል ይቀነሳል፤ ሲቀነስ ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ በከፊል ተመልሶ በማጣሪያው ያልፋል። መቀነሻ የሌለው ፊልተር ከሆነ ውሃው በሚወርድበት አፍ ላይ ስፖንጅ ማስቀመጥ ኃይሉን ይሰብረዋል። ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ጫጩት ያለበት አኳሪየም ውስጥ ደግሞ መምጠጫ ቱቦው ጫፍ ላይ ስፖንጅ ማልበስ ግድ ነው። ካልለበሰ ትንንሾቹ ተስበው ሊገቡ ይችላሉ።

ሞተሩ የት ነው ያለው? ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ገዢ ጥቂት ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ቤት ውስጥ ግን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩ ከገንዳው ውጭ፣ ሳጥኑ ሥር ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሲጀምር ሳጥኑ በውሃ መሞላት አለበት። መብራት ሲጠፋ የሳጥኑ ውሃ በቱቦው ወደ ገንዳው ከተመለሰ፣ መብራት ሲመጣ ሞተሩ አየር እያሽከረከረ ይንጫጫል እንጂ ውሃ አይስብም። ሞተሩ ገንዳው ውስጥ ጠልቆ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ታይዳል እንደዚያ ነው፣ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳል። ቀን ቀን ሥራ ለሚውል ሰው ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ስፖንጁ እንዳይደርቅ ጠብቁ፤ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊትም የቆመውን ውሃ ደፍታችሁ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁት።

ከሌላ አገር የሚመጣ ፊልተር ሲሆን ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ኸርዙንም፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ በሰከንድ፣ አንብቡ። 110 ቮልት የተጻፈበትን 220 ላይ መሰካት ሞተሩን ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞር በ50 ኸርዝ 3000 ጊዜ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የሚያዘዋውረው ውሃም ይቀንሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። የመስታወቱን ወይም የጠርዙን ውፍረት ለኩ፤ ጠርዙ ወፍራም ከሆነ የአንዳንዱ ፊልተር መንጠቆ አይገባበትም። ከገንዳው ጀርባ እስከ ግድግዳው ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ለትልልቆቹ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ውሃ የሞላ አኳሪየም ደግሞ አይጎተትም። ክዳኑ ከኋላ ክፍት ቦታ አለው ወይ? ቱቦው ከገንዳው ጥልቀት ቢያንስ ግማሹን ይደርሳል ወይ? ታች ያለው አሸዋ ከሆነ ግን ቱቦው በጣም አይጠጋው። አሸዋ ገብቶ ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል ይፍቀዋል፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው የመንጨጫጨት ድምፅም አንዱ መነሻው ይህ ነው። ተሽከርካሪው ከነማግኔቱ ይወጣል፤ በየጥቂት ወሩ አውጥቶ በትንሽ ብሩሽ መጥረግ ድምፁን ያጠፋዋል። የሚወርደው ውሃ ከጮኸ ደግሞ ፊልተሩ ተበላሽቶ ሳይሆን የገንዳው ውሃ ተንኖ ጎድሎ ነው፤ ሙሉት። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተቀልብሶ ይግባ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የማይሆንበት ቦታም አለ። ኤሊ እንደሚኖርበት ገንዳ ውሃው እስከ ጠርዙ ካልሞላ ፊልተሩ በቀላሉ አይስብም፤ ቢስብም ከሩቅ ስለሚወርድ ይረብሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጨመረ ተክል የሚበቅልበት አኳሪየም ውስጥ የሚናወጠው ገጽ ጋዙን ቶሎ ያስወጣዋል፤ ለእዚያ ካኒስተር የሚባለው፣ ከገንዳው ውጭ በቱቦ የሚገናኝ ዝግ ፊልተር ይሻላል። ጫጩት ለማርባት በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ፊልተር ይበቃል፤ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ከ200 ሊትር በላይ ላለው ደግሞ ከአንድ ግዙፍ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ፊልተሮች በሁለት ጫፍ መስቀልን እመርጣለሁ። አንዱ ቢቆም ሌላው ይሠራል፤ ማጽዳትም በየተራ ይሆናል።

አሮጌውን በአዲስ ለመተካት ያሰበ ሰው አሮጌውን ያንኑ ቀን አያውጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት ያሠራቸው፤ ባክቴሪያው አዲሱ ላይ እስኪሰፍር። ለሁለቱ ቦታ ካልበቃ የአሮጌውን ስፖንጅ እንዳለ፣ ሳያጥብ፣ አዲሱ ቅርጫት ውስጥ ያስገባው፤ ካልገባም ቆርጦ ይጠቅጥቀው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ምግቡን ቀነስ ማድረግና ውሃውን መመርመር ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ከቆዩ አሮጌው ስፖንጅ ሊወጣ ይችላል።