ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሕንፃ ሲጀመር የሚወራው እና እውነታው

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ በር ስመላለስ ነው ያደግኩት። ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ አጥር ቆሞ ኤክስካቫተር በገባ ቁጥር ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም የሚወራው ያው ነው። ግማሹ ወሬ ስህተት ነው፣ ግማሹም ሰውን ከመብቱ ያርቀዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልናገረው።

«ለተማሪ የሚሠራ ነው፣ እኛን አይመለከተንም።»

ይሄን ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሰባታሚት አካባቢ ሲገነባም ይባል የነበረው ይሄው ነው፤ የሐኪም ተማሪዎች ሕንፃ ነው፣ አለቀ። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን በሩ ላይ የተሰለፈው ማን ነበር? ከአዴት፣ ከመርዓዊ፣ ከዳንግላ የመጣ ገበሬ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ልጇን ያዘለች እናት። ከዚያ በፊት ከተማችን ውስጥ ያ ሁሉ በሽተኛ የሚጠጋው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ላይ ነበር። ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ይጻፋል። አዲስ አበባ ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሬ ሸጦ፣ አስታማሚ ይዞ፣ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኝቶ ወረፋ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል ይሄ ምን ማለት እንደሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም ለማስተማር የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የማህፀን እና የውስጥ ደዌ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ በየክፍሉ ደግሞ ስፔሻሊስት። መምህሩ ራሱ አካሚው ነው። ለተማሪ ተብሎ የተቀጠረው ስፔሻሊስት ጠዋት የሚያየው የኔን እናት ነው ማለት ነው። ጎንደርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጎንደርማ ከጅምሩም ለሕዝብ ተብሎ የተከፈተ ነው። ደምቢያ ላይ ወባ ስንቱን ቤት ከዘጋ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሥራ ሲጀምር ያሰለጠነው ጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስ እና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እንዲሠሩ። ዛሬ ጎንደር ላይ የምናየው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ አለ፤ «እዚያ ከሄድሽ ተማሪ ይለማመድብሻል» የሚሉት። አክስቴ በዚህ ፍርሃት ሁለት ወር ቤቷ ታመመች፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትተኛ ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት በሽተኛ እየዞሩ ለማየት፣ ራውንድ ለሚሉት፣ ሲመጡ አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር። ኢንተርኑ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪው፣ ካርዱን እያነበበ ያስረዳል፤ ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ያርመዋል፤ ሲኒየሩ፣ ስፔሻሊስቱ መምህር፣ ደግሞ ሁለቱንም ያፋጥጣል። «ትናንት ማታ ሽንቷ ስንት ነበር?» ሲል ልጁ ላብ ላብ አለው። አንድ በሽተኛ በአንድ ጠዋት በሦስት ደረጃ ባለሙያ ታየ ማለት ነው። ተማሪ ብቻውን የሚወስንበት ቦታ አይደለም፤ ያልገባሽን ነገር ሲኒየሩን የመጠየቅ መብትም አለሽ።

«ግንባታ ከመጣ የሰፈሩ ልጅ ሥራ አገኘ።»

እዚህ ላይ ወሬው በጣም ይጣደፋል። ሥራ ይመጣል፣ እውነት ነው፣ ግን ምን ዓይነት ሥራ? ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ የሚሞላበት ቀን ሳይት ሄዳችሁ እዩ። ሚክሰሩ ሲጮህ፣ አርማታው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከንጋት ጀምሮ የቀን ሠራተኛው እንደ ጉንዳን ነው። ሙሌቱ ካለቀ በኋላስ? በማግስቱ ከግማሽ በላዩ አይፈለግም። ፌሮ ሠራተኛው፣ አናጢው፣ ኤሌክትሪሻኑ አብዛኛውን ጊዜ ከኮንትራክተሩ ጋር ነው የሚመጣው፣ ከኮንትራክተሩም ጋር ይሄዳል። የሰፈሩ ልጅ እጁ ላይ የሚቀረው የአካፋ ጠባሳ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ሌላ መንገድ ግን አለ፣ ተሞክሯልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እነ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃን፣ ወሎ እና ሰመራ፣ በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ ሲገነቡ ሥራው ተቆራርጦ ለአነስተኛ ተቋራጮችና ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጥ ነበር። ብሎኬቱን ያመረተው ልጅ ሳይቱ ሲዘጋ ሙያውን ይዞ ወጣ። ዛሬ በየሰፈሩ የምንረግጠው ኮብልስቶንም መስፋፋት የጀመረው በዚያው ዘመን፣ በዚያው የጀርመን ድጋፍ ነው። ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ «ስንት ሰው ይቀጠራል?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ስንቱ ሙያ ይዞ ይወጣል ብለን እንጠይቅ።

የቤት ኪራይን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። «ተማሪው አስወደደብን» ይባላል። መደበኛ ተማሪ ግን ዶርም ነው የሚያድረው። ኪራይ የሚፈልገው መምህሩ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው እና የማታ ተማሪው ነው። እና አዲስ የመምህራን መኖሪያ ሲሠራ ሰፈሩ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ይሄን ሁሉ ብር ለተማሪው ምግብና ለመምህሩ ደመወዝ አያውሉትም?»

ጥያቄው ከልብ የሚመጣ ነው፣ እኔም እጠይቀው ነበር። ነገር ግን የሕንፃው ብር ካፒታል በጀት ነው፤ ምግብና ደመወዝ መደበኛ በጀት። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ፈቃድ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው መጨመር አይችልም። ሕንፃው ቢቀር ብሩ ወደ ካፌው አይሄድም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የዓመቱ ካልተሠራበት ጣጣው ብዙ ነው።

የቆመ ሕንፃ ሲያይም ሰው ወዲያው «ተበልቷል» ይላል። የሚበላ የለም አልልም፤ ዋና ኦዲተር ዩኒቨርሲቲዎችን በግዢና በንብረት ጉዳይ ደጋግሞ ወቅሷል። ግን እያንዳንዱ የቆመ ሳይት የሌባ ሥራ አይደለም። ሊፍቱ፣ የላብራቶሪ ዕቃው፣ ጄኔሬተሩ በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100ን አልፏል። ከዚያ በፊት በተፈረመ ዋጋ ሥራውን መጨረስ ለየትኛውም ኮንትራክተር ፈተና ነው። ሌብነትን የምናጋልጠው የቱ በዋጋ ንረት፣ የቱ በስርቆት እንደቆመ ለይተን ስንጠይቅ ነው። ሁሉንም በጅምላ ሌባ ካልን እውነተኛው ሌባ መሀል ላይ ይደበቃል።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ተነሣ ካሉህ ትነሣለህ።»

ይሄ ወሬ ገበሬውን ዝም ያሰኘዋል፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ባለይዞታው መብት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ መሬቱን በዘላቂነት ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ካገኘው የዓመት ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደንግጓል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1997ቱ ሕግ የ5 ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ነበር የሚያባዛው። ቤቱ፣ ዛፉ፣ አጥሩ ለብቻው ይሰላል። ግምቱ ካነሰበት መጀመሪያ ለቅሬታ ሰሚ አካል፣ ከዚያ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ጥቂት የማይባል ሰው ግን ግምቱን ሳያነብ ይፈርማል፤ ብሩም ባንክ ተቀምጦ እያየው ይረክሳል።

ይሄን አቤቱታ ለመጻፍ ደግሞ ብር አያስፈልግም። በርካታ የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ የኛውን ባሕር ዳርን ጨምሮ፣ ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲ ከማስተማርና ከመመራመር እኩል የማህበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት በሕግ ተጥሎበታል። «ግቢ መታወቂያ ለሌለው አይፈቀድም» የሚባለውን ሰምቶ ከበር የሚመለስ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጥበቃው የተማሪ መታወቂያ ቢጠይቃችሁ የቀበሌያችሁን አሳዩና «ነጻ የሕግ ድጋፍ ፈልጌ ነው» በሉት፤ ቢሮው የት እንደሆነም ጠይቁት። የካሳ ግምት ወረቀቱን እና የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሁለቱም ኮፒ ቤት አስቀሩ።