ሙልታኒ፦ ስለ ሳራይኪ የድሮ ፊደል የሚነገሩ ስህተቶች

ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ሙልታን የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ የሚነገረው ሳራይኪ ነው። ድሮ ነጋዴዎቹ ሂሳባቸውን የሚይዙበት ሙልታኒ የሚባል ፊደል ነበራቸው። ስለሱ የሚወራው ግን ብዙው የተምታታ ነው።

«ፊደሉ ከጠፋ ቋንቋውም ጠፍቷል።»
ኧረ በፍጹም! ሳራይኪን ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። የተቀየረው መጻፊያው ነው፤ አሁን በዐረብኛ ላይ የተመሠረተ ፊደል ይጠቀማሉ።

«ሙልታኒም ያው የዐረብኛ ዓይነት ነው።»
አይደለም። የጥንታዊው የህንድ ፊደል የብራህሚ ዘር ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ የሲኮች ፊደል ጉርሙኪ ነው።

«አናባቢ ስለሌለው ጎዶሎ ነው።»
እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለብቻቸው የሚቆሙ አራት የአናባቢ ፊደላት አሉት፤ የሌለው ተነባቢው ላይ የሚቀጠል ምልክት ነው። በእኛ ቤት ቢሆን «ሱሪ»ም፣ «ሴራ»ም፣ «ሳር»ም ሁሉም «ሰረ» ተብለው ይጻፋሉ ማለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ከአገባቡ መገመት የአንባቢው ፋንታ ነው። ለልብ ወለድ አይመችም፣ እውነት ነው። ግን ማን ስንት እንደወሰደና ስንት እንደቀረበት ቶሎ ጫር አድርጎ ለሚያልፍ ነጋዴ ምን ጎደለው? ደብዳቤውን ሌላ ሰው ለማንበብ ቢቸገር እንኳ የራሱን መዝገብ ራሱ ያነበዋል። የእኛም ግዕዝ እኮ እስከ ኢዛና ዘመን ድረስ አናባቢ አያሳይም ነበር!

«ከሱቅ ወጥቶ አያውቅም።»
በብዛት እውነት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1819 አዲስ ኪዳን በዚህ ፊደል ታትሟል። የታተመው ደግሞ ከሙልታን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ቤንጋል በምትገኘው ሴራምፖር፣ በባፕቲስት ሚሲዮናውያን ማተሚያ ቤት ነው። ከተማዋ ያኔ በዴንማርክ እጅ ነበረች።

«የ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል ገደለው።»
መዳከም የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ ቢሮውና ትምህርት ቤቱ ወደ ኡርዱ አዘነበለ። ክፍፍሉ ግን አባሰው፣ ምክንያቱም ፊደሉን በእጃቸው ይዘው የቆዩት የሂንዱ ነጋዴዎች ወደ ህንድ ተሰደዱ።

«ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ተመልሷል።»
ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። በ2015 38 ምልክቶቹ ገብተዋል፣ አንዱ የክፍል መለያ ነው። ይሄ ማለት የድሮ መዝገብ ያገኘ ተመራማሪ፣ ፎንቱ እስካለው ድረስ፣ ጽሑፉን እንደ ፎቶ ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥና መፈለግ ይችላል ማለት ነው። ሙልታን ገበያ ውስጥ ደረሰኝ የሚጽፍበት ሰው ግን የለም።